ራዳር በአንድ ቺፕ፦ የቅርብ ርቀት ልኬት ንድፍ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ

አንድ ሜትር ርቆ የቆመን ዕቃ የሚለካ ራዳር የላከው ሞገድ ዕቃው ላይ ነጥሮ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ 6.7 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ዕቃው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ይህ ጊዜ ከ0.7 ናኖሰከንድ ያንሳል። እንዲህ ያለው ልኬት ቀድሞ ሙሉ ሳጥን የሚሞላ መሣሪያ ይጠይቅ ነበር። ዛሬ አስተላላፊው፣ ተቀባዩና የሞገድ ማመንጫው፣ አንዳንዴም አንቴናውና ኮምፒውተሩ ጭምር፣ ከጣት ጥፍር በማይበልጥ ቺፕ ውስጥ ተጠቃለዋል። ቺፑ በመኪና ባምፐር ውስጥ፣ በኬሚካል ታንክ አናት ላይ፣ በአውቶማቲክ በርና በአልጋ ራስጌ በሚቀመጥ መሣሪያ ውስጥ ይሠራል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ቺፕ እንዴት ይነደፍ የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም። ሞገዱ እየተቆራረጠ ይላክ ወይስ ሳያቋርጥ? በየትኛው ባንድ? በየትኛው የሲሊከን ዓይነት? አንቴናው ቺፑ ላይ ይሁን፣ ማሸጊያው ውስጥ፣ ወይስ ከውጭ ባለው ቦርድ ላይ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቢያንስ ሁለት ጎራ አለ፤ ሁሉም የሚያቀርበው ማስረጃ አለው። ይህ ዳሰሳ ጎራዎቹን የሚያይበት መስመር አንድ ነው። የሩቅ ራዳር የሚታገለው ከተመላሹ ሞገድ ድካም ጋር ነው፤ የቅርብ ራዳር ግን ትግሉ ከራሱ አስተላላፊ ጋር ነው። አብዛኞቹ ክርክሮች የሚፈልቁት ከዚሁ ነው፤ ብዙ የቺፕ መረጃ ሰነዶች ትኩረት የሚነፍጉትም ይህንኑ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጅማሬው፦ ከመርከብ እስከ ከፍታ መለኪያ

ጀርመናዊው ክርስቲያን ሁልስማየር በ1904 ኮሎኝ ከተማ ውስጥ፣ በራይን ወንዝ ላይ የሚያልፍን መርከብ በሬዲዮ ሞገድ አውቆ ደወል የሚያስጮህ መሣሪያ አሳየ። መሣሪያው መርከብ መኖሩን ይናገር ነበር እንጂ ምን ያህል እንደራቀ በቀጥታ አይለካም። የርቀት ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ያገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በ1924 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ አፕልተንና ባልደረባው ማይልስ ባርኔት በቦርንመዝ የነበረውን የቢቢሲ ማሰራጫ ተጠቅመው የሚላከውን ሞገድ ድግግሞሽ ቀስ በቀስ ቀየሩ። በቀጥታ የሚደርሰው ሞገድና ከላይኛው ከባቢ አየር ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ በተቀየረ ቁጥር አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። አፕልተንና ባርኔት ይህን መፈራረቅ ቆጥረው ሞገዱን የሚመልሰው ንብርብር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አሰሉ። አፕልተን በዚህ መስክ ባደረገው ምርምር በ1947 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

የራዳር ታሪክ ሲጻፍ ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያጋድላል፤ በ1940 በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማግኔትሮንና እርሱ የወለዳቸው ኃይለኛ የፐልስ (ሞገዱን እየቆራረጡ የሚልኩ) ራዳሮች መድረኩን ይይዛሉ። ለቅርብ ርቀት ግን የአፕልተን መንገድ ይበልጣል። ድግግሞሹ እየተለዋወጠ ሳያቋርጥ የሚላክ ሞገድ በ1938 ቤል ላቦራቶሪስና ዌስተርን ኤሌክትሪክ ባሳዩት የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከፍታ መለኪያ ይበልጥ የሚፈለገው አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል፣ መሬቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ሲቀረው ነው። የዚያ ዘመን የፐልስ ራዳር ደግሞ እየላከ ሳለ መስማት ስለማይችል እንዲህ ከቀረበ ነገር የሚመለሰው ሞገድ ያመልጠው ነበር። ዛሬ በመኪና ውስጥ ያለው ቺፕ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር የሚደርሰው ከጦር ሜዳው ራዳር ይልቅ ወደዚህ ከፍታ መለኪያ ነው።

ከጋሊየም አርሰናይድ ወደ ሲሊከን

መርሴዲስ ቤንዝ በ1999 ዲስትሮኒክ የተባለውን፣ ከፊት ካለው መኪና ጋር ርቀት የሚጠብቅ ሥርዓት በኤስ ክላስ ሞዴሉ ላይ ሲያቀርብ ራዳሩ በ77 ጊጋኸርዝ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን ድግግሞሽ በበቂ ጉልበት የሚያመነጭ ሲሊከን በገበያ አልነበረም፤ ሥራው የተያዘው በጋሊየም አርሰናይድ ነበር። ጋሊየም አርሰናይድ ፈጣን ነው፤ ግን ውድ ነው። ማመንጫ፣ ማጉያና ሚክሰር (ሁለት ሞገዶችን የሚያነጻጽረው ክፍል) በተለያዩ ቁራጮች ተሠርተው በቦርድ ላይ በጥንቃቄ ይገጣጠሙ ስለነበር ራዳሩ የቅንጡ መኪኖች ዕቃ ሆኖ ቆየ።

የመጀመሪያው መተኪያ ሲሊከን-ጀርማኒየም ነው። በ2006 በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም የአሊ ሃጂሚሪ ቡድን አንቴናዎቹን ጭምር ቺፑ ላይ የያዘ የ77 ጊጋኸርዝ ትራንሲቨር (አስተላላፊና ተቀባይን ያጣመረ ቺፕ) አሳተመ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2009፣ ቦሽ በሦስተኛው ትውልድ የረጅም ርቀት ራዳሩ ውስጥ የኢንፊኒየንን የሲሊከን-ጀርማኒየም ቺፕ አስገባ፤ ከዚያ በኋላ የጋሊየም አርሰናይድ ዘመን በፍጥነት አከተመ። ሁለተኛው መተኪያ በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥ ያለው ሲሞስ ነው። በ2010 የቶሺባ መሐንዲሶች በ90 ናኖሜትር፣ በታይዋን ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የጅሪ ሊ ቡድን ደግሞ በ65 ናኖሜትር ሲሞስ የተሠሩ ሙሉ የ77 ጊጋኸርዝ ትራንሲቨሮችን አቀረቡ። በ2017 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በ45 ናኖሜትር ሲሞስ የተሠሩ ቺፖቹን ገበያ ላይ አዋለ፤ አንዳንዶቹ ትራንሲቨሩንና ምልክቱን የሚተነትነውን ፕሮሰሰር በአንድ ላይ የያዙ ነበሩ።

የሲሞስ ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል ነው፤ ስሌቱ የሚሠራው በሲሞስ እስከሆነ ድረስ ሬዲዮውም እዚያው ይሁን። የሲሊከን-ጀርማኒየም ደጋፊዎች በበኩላቸው የእነሱ ትራንዚስተር በተመሳሳይ ድግግሞሽ የበለጠ ጉልበት እንደሚያወጣ፣ ሙቀትን እንደሚቋቋም፣ በተለይም በዝቅተኛ ድግግሞሽ ጸጥተኛ እንደሆነ ያስረዳሉ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሩቅ ራዳር ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። ለቅርብ ራዳር ግን ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል።

የራስ ጩኸት

ሳያቋርጥ የሚልክ ራዳር እየሠራ ያለው ከበሮ እየመታ ሹክሹክታ ለመስማት የሚጥር ሰው የሚሠራውን ነው። አስተላላፊው 10 ሚሊዋት ይልካል፣ በአስተላላፊውና በተቀባዩ መካከል ያለው መለያየትም 30 ዴሲቤል ነው እንበል። ከተላከው አንድ ሺኛው፣ ማለትም 10 ማይክሮዋት፣ ውጭ ያለውን ዓለም ሳያይ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ሾልኮ ይገባል። ማመንጫው የሚያወጣው ሞገድ ፍጹም ንጹሕ ስላልሆነ ሾላኪው ሞገድ የራሱን እድፍ ይዞ ይመጣል፤ መሐንዲሶች ፌዝ ኖይዝ ይሉታል። ለዛሬዎቹ የ77 ጊጋኸርዝ ቺፖች ከዋናው ድግግሞሽ በ1 ሜጋኸርዝ ርቀት ይህ ኖይዝ በአንድ ኸርዝ ሲለካ ከዋናው ጉልበት በ95 ዴሲቤል ገደማ ማነሱ የተለመደ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ከሾላኪው ሞገድ ጋር የገባው እድፍ ብቻውን ከደህና ተቀባይ የራሱ ኖይዝ በ45 ዴሲቤል፣ ማለትም በ30,000 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዚህ ስሌት የቅርብ ራዳር ቺፕ ጭራሽ መሥራት አልነበረበትም።

የሚሠራው አንድ የፊዚክስ ውለታ ስላለ ነው። ተቀባዩ የሚገባውን ሞገድ የሚያነጻጽረው አስተላላፊውን ከሚመግበው ከዚያው ማመንጫ ጋር ነው። ሾላኪው ሞገድ የተጓዘው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ከማመንጫው የተለየው በ33 ፒኮሰከንድ ብቻ ነው፤ በዚህች ቅጽበት ማመንጫው ብዙ አልተንቀጠቀጠም። የገባው እድፍና የማነጻጸሪያው እድፍ አንድ ስለሆኑ ይጠፋፋሉ። በ1 ሜጋኸርዝ ላይ ይህ መጠፋፋት ከ70 ዴሲቤል በላይ ይደርሳል፤ ችግሩም ይሰወራል። በ1993 በበጅና በበርት ስም የታተመ ጥናት ይህን ውጤት በቀመር ያስቀመጠ ሲሆን እስከ ዛሬም ይጠቀሳል።

ስለዚህ ሁሉን ነገር በአንድ ቺፕ ማጠቃለል የዋጋ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ማጠቃለሉ አስተላላፊውን ወደ ተቀባዩ አቅርቦ ሹልክታውን አበዛ፤ መድኃኒቱንም ይዞ መጣ፣ ምክንያቱም አንድ ማመንጫ በጣም አጭር በሆኑ መስመሮች ሁለቱንም ይመግባል። ሁለት የተለያዩ ማመንጫዎችን ለአስተላላፊና ለተቀባይ የሚጠቀም ንድፍ ይህን ውለታ ያጣል። ከዚህ ተነስቶ ማለት የሚቻለው፣ የመረጃ ሰነዶች በደማቁ የሚያትሙት የመለያየት ቁጥር ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ነው። ሾላኪው ሞገድ ስንት ዴሲቤል ነው ከሚለው እኩል ምን ያህል ዘግይቶ ነው የሚደርሰው የሚለውም መጠየቅ አለበት። ከቺፑ 10 ሴንቲ ሜትር ፊት ለፊት ባምፐር ቢኖር ከእርሱ ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ የሚጓዘው 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መጠፋፋቱም ከ50 ዴሲቤል በታች ይወርዳል። ከቺፑ ውስጥ ከሚሾልከው ያነሰ ጉልበት ቢኖረውም የባምፐሩ ነጸብራቅ የበለጠ ጎጂ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ውለታው የማይደርስበት ቦታም አለ፤ ዝቅተኛው ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሹን በአንድ ማይክሮሰከንድ 30 ሜጋኸርዝ እያሳደገ የሚልክ ራዳር ዘንድ፣ 1 ሜትር ላይ ያለ ዕቃ በተላከውና በተመለሰው ሞገድ መካከል የ200 ኪሎኸርዝ ልዩነት ይፈጥራል። 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ደግሞ የ60 ኪሎኸርዝ ብቻ። የሲሞስ ትራንዚስተር ድግግሞሹ በወረደ መጠን የሚያድግ፣ ፍሊከር የሚባል ኖይዝ አለው፤ ይህ ኖይዝ ከሌላው በልጦ የሚታይበት ቀጠና ከመቶ ኪሎኸርዝ አልፎ ሜጋኸርዝ ሊደርስ ይችላል። ቅርብ ያለው ዕቃ ምልክቱን የሚያኖረው በትክክል እዚያው ቀጠና ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ሾላኪው ሞገድ ራሱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ግዙፍ ምልክት ሆኖ ተቀባዩን እንዳያጨናንቅ፣ ነዳፊዎች ዝቅተኛ ድግግሞሽን የሚያግድ ማጣሪያ ያስገባሉ። በገበያ ካሉት ቺፖች አንዳንዶቹ ማጣሪያቸው ቢያንስ ከ175 ኪሎኸርዝ ይጀምራል፤ ከላይ ባለው ፍጥነት ይህ 87 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለው ዕቃ ባይጠፋም ይደበዝዛል።

መፍትሔ ተብለው የቀረቡት ሦስት ናቸው። አንደኛው ድግግሞሹን በፍጥነት ማሳደግ ነው። በማይክሮሰከንድ 100 ሜጋኸርዝ ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለው ዕቃ ወደ 200 ኪሎኸርዝ ከፍ ይላል፤ 10 ሜትር ያለው ደግሞ ከ7 ሜጋኸርዝ አይበልጥም፤ ስለዚህ አጭር ርቀት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ክፍያው ቀላል ነው። ዋጋው የሚጠየቀው ማመንጫውን ከሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ዑደት ነው፤ እየፈጠነ ሳለ መስመሩን ሳይስት ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ይጠበቅበታል። መስመሩ ከተጣመመ የአንድ ዕቃ ምልክት ተለጥጦ ጎረቤቱን ይሸፍናል። ሁለተኛው ቋሚ ጅረት የማያልፍበትን ሚክሰር መጠቀም ነው፤ የሲሞስን ፍሊከር በደንብ ይቀንሳል። ሦስተኛው በቺፑ ውስጥ ሾላኪውን ሞገድ አስመስሎ ሠርቶ መቀነስ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ሹልክታው በሙቀት፣ በእርጥበትና በመሣሪያው ሽፋን ስለሚለዋወጥ አስመሳዩም አብሮ እየተከተለው መስተካከል አለበት። በዚህ ጸሐፊ ግምት የመጀመሪያው መንገድ በተግባር ያሸነፈው ከሌሎቹ ስለሚልቅ ሳይሆን ሃርድዌሩን ሳይነኩ በሶፍትዌር ሊስተካከል ስለሚችል ነው።

መለየት፣ ማጥራት፣ መቅረብ

በዚህ መስክ የሚነበቡ ማስታወቂያዎችና አንዳንዴም ጥናቶች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃሉ። የመጀመሪያው የመለየት አቅም ነው፤ ሁለት ዕቃዎች ምን ያህል ተቀራርበው ሁለት ሆነው ይታያሉ? ይህን የሚወስነው የድግግሞሹ ስፋት ብቻ ነው። የብርሃን ፍጥነት ለስፋቱ እጥፍ ሲካፈል፣ 250 ሜጋኸርዝ 60 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ጊጋኸርዝ 15 ሴንቲ ሜትር፣ 4 ጊጋኸርዝ 3.75 ሴንቲ ሜትር ይሰጣል። ማጉያን ማሻሻል ወይም ጉልበት መጨመር ይህን ወለል አይነካውም።

ሁለተኛው ትክክለኛነት ነው፤ አንድ ብቸኛ ዕቃ ያለበት ቦታ ምን ያህል ጠርቶ ይታወቃል? እዚህ ላይ የምልክቱ ጥራት ይረዳል፤ የመለየት አቅሙ በርካታ ሴንቲ ሜትር የሆነ ራዳር ብቸኛ ገጽን በሚሊ ሜትር ሊለካ ይችላል። የሞገዱ ፌዝ፣ ማለትም በዑደቱ ውስጥ የደረሰበት ነጥብ፣ ሲጨመር ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በ60 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የዕቃው የ0.1 ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ ፌዙን በ14 ዲግሪ ይቀይረዋል፤ የተኛን ሰው ትንፋሽ መከታተል የተቻለው በዚህ ነው። ግን ፌዝ በየ2.5 ሚሊ ሜትሩ ራሱን ይደግማል። እንቅስቃሴን እንጂ ፍጹም ርቀትን ብቻውን አይናገርም። በሚሊ ሜትር ይለካል የተባለ መሣሪያ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚል ካልተገለጸ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ሦስተኛው ዝቅተኛው ርቀት ነው፤ መሣሪያው ማየት የሚጀምረው ከየት ነው? ይህ ቀደም ሲል የተነሳው የሾላኪ ሞገድ፣ የማጣሪያና የፍሊከር ድምር ውጤት ነው። ከሦስቱ በሰነዶች ላይ በጥቂቱ የሚገለጸው፣ ተጠቃሚው ግን ቀድሞ የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው። ታንክ ሞልቶ ፈሳሹ ወደ አንቴናው ሲጠጋ ወይም መኪና ግድግዳ ሊነካ ሲል ልኬቱ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ሦስት የአላላክ ጎራዎች

የፐልስ ጎራ በቺፕ ዓለም እንደገና የተወለደው በ1990ዎቹ ነው። በአሜሪካው ሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ ቶማስ ማክዩዋን ለኖቫ ሌዘር ልኬት ከተሠራ ፈጣን መቅጃ ተነስቶ ጥቂት ርካሽ ክፍሎች ያሉት ጥቃቅን የፐልስ ራዳር ሠራ። በ2002 የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ያለውን ሰፊ ባንድ ለደካማ ስርጭት ሲፈቅድ ጎራው ሕጋዊ መሬት አገኘ፤ የተፈቀደው ጉልበት በአንድ ሜጋኸርዝ 74 ናኖዋት ገደማ ነበር። የኖርዌዩ ኖቬልዳ በዚህ ባንድ የሰው መኖርን የሚያውቁ ቺፖች ሠራ። የስዊድኑ አኮኒር ደግሞ ፐልሱን ወደ 60 ጊጋኸርዝ ወስዶ ፌዙንም እንዲጠብቅ አደረገው። የፐልስ ጥቅሙ በልኬቶች መካከል ቺፑ መተኛት መቻሉ ነው፤ በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ይህ ሁሉንም ይወስናል። ጉዳቱ ጉልበቱ በአጭር ቅጽበት ስለሚያልቅ ደካማ ዕቃን ከሩቅ ለማየት መቸገሩ ነው።

ቺርፕ የሚባለው፣ ድግግሞሹ እየጨመረ ሳያቋርጥ የሚላክ ሞገድ፣ ገበያውን ይመራል። ጥንካሬው ያለው በቀላልነቱ ነው። ብዙ ጊጋኸርዝ ስፋት ያለው መረጃ በሚክሰሩ ላይ ተጨምቆ ጥቂት ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ ርካሽ የዲጂታል መቀየሪያ ይበቃዋል። ሦስተኛው ጎራ በዲጂታል ኮድ የሚልከው ነው። የቤልጂየሙ አይሜክ በ79 ጊጋኸርዝ በ28 ናኖሜትር ሲሞስ አሳይቶታል፤ በአሜሪካ ኦስቲን የተቋቋመው ኡንደር ደግሞ በመኪና ገበያ ተከትሎታል። ቀጥተኛ መስመር የሚፈልግ ማመንጫ የለውም፤ ብዙ አስተላላፊዎችም በአንድ ጊዜ በተለያየ ኮድ መናገር ይችላሉ። ግን እያንዳንዱ ተቀባይ በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ናሙና የሚወስድ መቀየሪያ ይፈልጋል። ሾላኪው ሞገድም እዚህ ወደ ዜሮ ተሰብስቦ በማጣሪያ አይወገድም፤ የኮዱን ጎን ለጎን ቅሪቶች በየርቀቱ ላይ ይረጫል። ለሩቅና ለመካከለኛ ርቀት የዚህ ጎራ ማስረጃ እየጠነከረ ነው፤ ለግማሽ ሜትር ልኬት ግን እስካሁን የቀረበው አሳማኝ አይመስልም።

የባንድ ፖለቲካ

ድግግሞሽ የሚመረጠው በፊዚክስ ብቻ ቢሆን ክርክሩ ባጠረ ነበር። አውሮፓ በ2005 ለመኪና የቅርብ ራዳር በ24 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሰፊ ባንድ ስትፈቅድ ፈቃዱ ጊዜያዊ ነበር፤ መጀመሪያ እስከ 2013 ተቆረጠ፣ ተራዘመ፣ በ2022 ተጠቃለለ። ምክንያቱ ጎረቤቱ ነው። ከ23.6 እስከ 24 ጊጋኸርዝ ያለው ክፍል ለሬዲዮ ሥነ ፈለክና ከጠፈር ሆነው የውሃ ተንን ለሚለኩ መሣሪያዎች የተጠበቀ ነው። የቀረው የ250 ሜጋኸርዝ ጠባብ ባንድ ነው፤ በእርሱ የመለየት አቅሙ 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የበር ዳሳሽ እንጂ የጥሩ ርቀት መለኪያ አይሆንም። መኪኖች ወደ 76–81 ጊጋኸርዝ ተሻገሩ፤ የ2015ቱ የዓለም ሬዲዮ ጉባኤ በመካከል የቀረውን ክፍተት ሞልቶ ባንዱን ሙሉ አደረገው።

የ60 ጊጋኸርዝ ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። በዚህ ድግግሞሽ ኦክስጅን ሞገዱን በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ገደማ ይውጣል፤ 10 ሜትር ደርሶ ለመመለስ ግን ኪሳራው 0.3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጉግል ሶሊ የተባለውን ከኢንፊኒየን ጋር የሠራውን የጣት እንቅስቃሴ የሚያነብ ራዳር በ2015 አሳየ። የአሜሪካ ደንብ የሚፈቅደው ጉልበት አልበቃ ስላለው ልዩ ፈቃድ ጠየቀ፤ ፌስቡክ ሌሎች የባንዱ ተጠቃሚዎችን ይረብሻል በሚል ስጋቱን አሰማ፤ ፈቃዱም በ2018 መጨረሻ ተሰጠ። ቺፑ 6.5 በ5 ሚሊ ሜትር ማሸጊያ ውስጥ አንድ አስተላላፊ፣ ሦስት ተቀባይና አንቴናዎቹን ይዞ በ2019 ፒክስል 4 ስልክ ውስጥ ገባ። ስልኩ በሕንድ አልተሸጠም፤ ባንዱ እዚያ ለዚህ አገልግሎት ክፍት አልነበረም። ተከታዩ ፒክስል 5 ራዳሩን አስወጣው። ይህን የቴክኖሎጂው ሽንፈት አድርገው የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። ሶሊ ግን በ2021 በሁለተኛው ትውልድ ኔስት ሃብ (የጉግል የቤት ስክሪን) ውስጥ የእንቅልፍ መከታተያ ሆኖ ተመለሰ፤ ጣት ከማንበብ ይልቅ ትንፋሽ መቁጠር ለቺፑ የሚስማማ ሥራ ሆኖ ተገኘ። በመኪና ውስጥ ተረስቶ የቀረን ሕፃን ማወቅም ሌላው ነው፤ የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕ ከ2023 ጀምሮ ነጥብ ይሰጥበታል።

ከዚያ በላይ ያለው የ122 ጊጋኸርዝ ባንድ የ1 ጊጋኸርዝ ስፋት አለው። በጀርመን ፍራንክፈርት ኦደር ከሚገኘው የአይኤችፒ የምርምር ተቋም የወጣው ሲሊከን ራዳር የተባለ ኩባንያ በዚህ ባንድ አንቴናውን በ8 በ8 ሚሊ ሜትር ማሸጊያ ያስገባ ቺፕ ሸጧል።

አንቴናው የት ይቀመጥ

የሞገዱ ርዝመት ባጠረ መጠን አንቴናው ወደ ቺፑ ይቀርባል። ቺፑ ላይ ራሱ መሥራት ግን የራሱ እዳ አለው። የሲሊከን ፐርሚቲቪቲ (ለኤሌክትሪክ መስክ ያለው ምላሽ) ከአየር አሥራ ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ሞገዱ ወደ አየር ከመውጣት ወደ ሲሊከኑ ይሳባል፣ እዚያም በከፊል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የሃጂሚሪ ቡድን ይህን ለማካካስ ከቺፑ ጀርባ የሲሊከን ሌንስ አስፈልጎት ነበር። አብዛኛው ኢንዱስትሪ ወደ ማሸጊያው ውስጥ መሸሹ ትክክለኛ ምርጫ ይመስላል፤ ነዳፊው ከፍተኛውን ድግግሞሽ ወደ ቦርዱ ሳያወጣ ይጨርሳል፣ ገዢውም የማይክሮዌቭ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልገውም። የሚከፈለው ዋጋ አቅጣጫ ነው፤ አቅጣጫን የመለየት አቅም የሚያድገው በአንቴናው ስፋት ስለሆነ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ጠባብ ጨረር አይገኝም።

ሽፋኑም የንድፉ አካል ነው። በ77 ጊጋኸርዝ ለባምፐር በሚሆን ፕላስቲክ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የፕላስቲኩ ውፍረት የዚህ ግማሽ ብዜት ሲሆን ሞገዱ በደህና ያልፋል። ጥቂት አስረኛ ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ፣ ብረታዊ ቀለም ሲቀባ ወይም ዝናብ ሲያርሰው የሚነጥረው ያድጋል፤ ያ ነጸብራቅ ደግሞ ከላይ እንደተባለው ዘግይቶ የሚደርስ ሾላኪ ሞገድ ነው።

አሁን የሚያከራክሩት

አንዱ መጠላለፍ ነው። ራዳሮች በበዙ ቁጥር እርስ በርስ ይሰማማሉ። ከ2010 እስከ 2012 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው ሞሳሪም የተባለ ፕሮጀክት ለመኪና ራዳሮች ጉዳዩን በስፋት መረመረ። የቺርፕ ጎራ የሁለት መኪና ቺርፖች የሚቋረጡት ለአፍታ ስለሆነ የተበከለውን ቅጽበት ቆርጦ መጣል ይበቃል ይላል። የኮድ ጎራ በበኩሉ ኮድ ከኮድ ስለሚለይ መፍትሔው በተፈጥሮው ውስጥ እንዳለ ይከራከራል። ሁለቱም አንድ ነገር ያሳንሳሉ፤ የሌላው ሞገድ ተቀባዩን ካጨናነቀው በኋላ የሚመጣ ስሌት የጠፋውን አይመልስም። በቅርብ ርቀት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ የ60 ጊጋኸርዝ መሣሪያዎች ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን የመኪናው ዓለም ያህል አልተጠናም።

ሌላው ፍተሻ ነው። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ቅርብ ዕቃን በትክክል እንደሚለካ እንዴት ይረጋገጣል? በቺፑ ላይ የ1 ሜትር ርቀትን የሚያስመስል መዘግየት ለመሥራት እንኳ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም መስመር ያስፈልጋል፤ ይህ በሲሊከን ላይ አይገባም። በሊንዝ የዮሐንስ ኬፕለር ዩኒቨርሲቲና የኢንፊኒየን ተመራማሪዎች በቺፕ ላይ በጣም አጭር መዘግየት ያለው ሰው ሠራሽ ዕቃ አስቀምጠው የማመንጫውን ፌዝ ኖይዝ ለመገመትና የባምፐርን ነጸብራቅ ለመቀነስ የሚያስችል መንገድ አሳይተዋል። ሐሳቡ ሹልክታን እንደ ጠላት ብቻ ሳይሆን እንደ መለኪያ መጠቀም ስለሆነ በመስኩ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ተስፋ የሚጣልበት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ፍተሻ ጨረር በሚውጥ ክፍል ውስጥ እውነተኛ ዕቃ አስቀምጦ የሚደረግ፣ ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ሥራ ሆኖ ቀጥሏል። አምራቾች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ ዓይነት ዕቃ፣ አንድ ዓይነት ሽፋንና አንድ ዓይነት ርቀት እስካልተቀመጠ ድረስ የሁለት ቺፖችን ዝቅተኛ ርቀት ጎን ለጎን የሚያነብ ገዢ እያነበበ ያለው ሁለት የተለያዩ ፈተናዎችን ውጤት ነው።